የአባዬ ዲኤክስ ሞተሯን ስታቃጥል፦ አዲስ አበባ ላይ ያገኘኋቸው አገልግሎቶች

ለፋሲካ ከቨርጂኒያ የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነበር። ሁለቱን ሳምንት የበላው የአባዬ መኪና ነው። አልቆጨኝም። ዲኤክስ ኮሮላዋ እኔንና ወንድሜን ትምህርት ቤት አመላልሳ ያሳደገች መኪና ናት።

ከደብረ ዘይት ስንመለስ፣ ዱከም ልንገባ ጥቂት ሲቀረን፣ የሙቀት መርፌው ቀዩ ላይ ወጥቶ አየሁት። «አባዬ፣ ቁም ቁም!» አልኩት። «ዱከም ደርሰን እናቆማለን» አለ። ሞተሩን የጨረሰችው ያቺ ትንሽ መንገድ ናት። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ፣ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ጠፋች።

የመጫኛ መኪናው ሹፌር በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ዋጋውን በስልክ ጨርሰን ስለነበር ቦታው ላይ ክርክር አልነበረም። በገመድ አልጎተታትም፤ ከላይ ጭኖ አራቱንም ጎማ አሰረ። ለአባዬ ከፊት ወንበሩን ለቀቀለት፣ «ጋሼ፣ አይዞዎት፣ መኪና ነው» አለው። ለዚህ ሰው ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ግን አሳዘነኝ። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አየና «ሞተሩ አልቆለታል፣ ሙሉ ሞተር ይቀየር» አለ። አንድ ብሎን እንኳ አልፈታም። ጠያቂዋም ከፋይዋም እኔ ሆኜ መልሱን የሚሰጠው ለወንድሜ ነበር። እዚያው አንድ ደላላ ቀረበንና «እንዳለች ሽጧት፣ ገዢ አለኝ» አለ። የጠራው ዋጋ አባዬን አንገት አስደፋው። ቤት ስንገባ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አንድም ቃል አልተናገረም።

እዚያ ቡና ላይ ነው የተወያየነው። እኔ የቨርጂኒያን ልማድ ይዤ ነው የመጣሁት። እዚያ የሞተር ማሠሪያው ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ ለብረት ገዢ ይሰጣል፣ አለቀ። የእጅ ዋጋ ውድ ነው፣ አሮጌ መኪና ደግሞ ርካሽ። አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። «ሸጠን ሌላ እንግዛ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ወንድሜ ኤሌክትሪክ መኪና አነሳ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን አባዬ የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ መኪናዋም የምታድረው ከግቢ ውጭ ስለሆነ ቻርጅ ማድረጊያ የለውም።

ያገለገለ ሞተር መግጠምንም አሰብንበት። እዚህ ላይ ዲያስፖራው ወገኔ ልብ ይበል፦ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ፣ ማለትም የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር ላይ፣ ተጽፏል። የሚገዛው ሞተር ሕጋዊ ወረቀት ከሌለው ቁጥሩን ማስቀየር አይቻልም፤ መኪናዋም ለመሸጥም ለምርመራም መከራ ትሆናለች። በጥሩ ዋጋ የቀረበልን ሞተር ወረቀት አልነበረውም። ተውነው።

ጎረቤታችን ቄራ አካባቢ ያለ ትንሽ ጋራዥ ጠቆመን። መካኒኩ ወጣት ነው። መጀመሪያ ያደረገው የዘይት መለኪያዋን መዝዞ ለእኔ ማሳየት ነው። ዘይቱ ቁርጥ ማኪያቶ መስሏል። «እህቴ፣ ውሃ ገብቶበታል። ግን ሳልፈታ ሞቷል አልልም» አለኝ። ይህን ቃል ስሰማ እዚሁ ይሠራ ብዬ ወሰንኩ።

በማግስቱ ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተሩን ክፍል፣ አውርዶ ጠራን። አጽድቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጋደመበትና ከሥሩ አንዲት ስስ የብረት ቅጠል ሰደደ። መሐል ላይ ያለምንም ችግር ሾልካ ገባች። ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቅጠሏ ላይ የተጻፈው ውፍረት 0.15 ነበር። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ራሱ ሞከረው። ከዚያ ወዲያ «ልሸጣት ይሆን?» ብሎ አልጠየቀም።

ሲሊንደሮቹ ደህና ናቸው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ቤት) ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ፤ ከሥሩ የሚነጠፈው ማሸጊያ ጋስኬቱና የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖቹ ተቀየሩ። የችግሩ ሥር የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተሩ ነው። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት ውስጡ በዝገት ተደፍኗል። የክዳኑም ስፕሪንግ ላልቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ቶሎ ያፈላል ማለት ነው። እንደ ሙቀቱ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን ቴርሞስታቱንም የሆነ ሰው ድሮ አውጥቶ ጥሎታል። መካኒኩ አዲስ ካልተገጠመ መኪናዋን አላስረክብም አለ፣ ልክ ነበር።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሄድን። ብቻዬን ስጠይቅ የተነገረኝ የጋስኬት ዋጋ፣ መካኒኩ አሮጌውን በእጁ ይዞ ሲጠይቅ ግማሽ ሆነ። ያለ ባለሙያ አትሂዱ። የወጣውንም ዕቃ ተቀበሉ፤ ይሄኛው ጋራዥ ሳልጠይቀው በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። ጉድለቱ ቀን አለማክበሩ ነው። አራት ቀን ብሎ ዘጠኝ ቀን ወሰደ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቶርኖ ቤቱ ይቆም ነበር። ጠቅላላ ወጪው ለዚያ ወረቀት አልባ ሞተር ከተጠየቅነው ሲሶ አልሞላም።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ለሙከራ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አወጣናት። መካኒኩ ከኋላ ተቀምጦ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሏል። እኔ ዓይኔን ከመርፌው አልነቀልኩም። ዳገቱ አልቆ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ መርፌው መሐል ላይ ነበር። አባዬ ዳር ይዞ አቆመ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ኮፈኑን ከፍቶ ያዳምጣት ጀመር።