ልጃችንን በእቃቃ ጨዋታ ለትምህርት ቤት ላዘጋጀችልን መምህርት

ልጃችን ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ስታዘጋጃት የነበረችውን መምህርት በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ቅር ይለኛል። ዘንድሮ ልጅ ለምታስገቡ ወላጆችም ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ይህች መምህርት ሕፃናቱን ደርድራ ደብተር አታስይዝም። የምታጫውታቸው እቃቃ ነው። አንዱ መምህር ይሆናል፣ አንዷ ተማሪ፣ ሌላው የበር ጥበቃ፣ ሌላዋ ልጇን የምታደርስ እናት። ወንበሮች ተደርድረው አውቶቡስ ይሆናሉ፣ ካርቶን ተገልብጦ ጠረጴዛ ይሆናል፣ ደወሉ የድስት ክዳን ነው። ከዚያ ትምህርት ይጀመራል። ቻው ተባብሎ መለያየት፣ ቦርሳ መስቀል፣ ተራ መጠበቅ፣ እጅ አውጥቶ ሽንት ቤት መጠየቅ፣ ምሳ ዕቃ ከፍቶ መዝጋት። ይሄ የምሳ ዕቃ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክዳኑ አልከፈት ያለው ልጅ ምሳውን ሳይበላ ሊመለስ ይችላል። «ክፈቱልኝ» ማለትም ልምምድ ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የማልረሳላት ግን አንድ ነገር አለ። ልጃችን ስለ ትምህርት ቤት ስትጠየቅ ዝም ትል ነበር። ምን እንዳስፈራት አልገባንም። አንድ ቀን በጨዋታው መሃል ደወሉ ተደወለ፣ አሻንጉሊቶቹ ሁሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ልጃችን ግን የራሷን ጥግ ላይ አስቀመጠቻት። «እሷስ?» አለች መምህርቷ። «እናቷ ረስታታለች።»

ለካ ጭንቀቷ እሱ ኖሯል! መምህርቷ ምክር አላበዛችባትም። አጠገቧ ቁጭ ብላ በአሻንጉሊቷ ድምፅ «አሁን ምን ላድርግ?» አለቻት። መልሱን ልጃችን ራሷ አመጣችው፦ «ቲቸር ጋ ጠብቂ። እናትሽ መንገድ ተዘግቶባት ነው፣ ትመጣለች።» ያንን ጨዋታ ደጋግመው ተጫወቱት። አንዳንዴ እናትየዋ ትዘገያለች፣ አንዳንዴ በእሷ ፈንታ አባት ይመጣል፣ ሁልጊዜ ግን የሚወስዳት ሰው አለ። ለእኛ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ማን እንደሚወስዳት ቀድመን እንድንነግራት መከረችን። ይህን እስከ ዛሬ አላቋረጥንም።

ሥራዋን አውቃ እንደምትሠራው ያወቅኩት ስጠይቃት ነው። እንደነገረችኝ፣ ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ሕፃን በጨዋታ ውስጥ ከዕድሜው በላይ ሆኖ እንደሚታይ አስተምሯል። የማስመሰል ጨዋታ ነፃ ቢመስልም ሕግ አለው። ጥበቃ የሆነ ልጅ በሩን ጥሎ አይሄድም፤ መሮጥ ቢያምረውም ራሱን ይገዛል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለማዳመጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ራስን መግዛት ነው። እኔም በዓይኔ ያየሁት ነው።

ልጄ በቶሎ ፊደል ትቁጠርልኝ፣ ቁጥር ትጻፍልኝ ለሚል ወላጅ ይህ አካሄድ ቀርፋፋ ሊመስለው ይችላል። በእኔ እምነት ግን ጊዜው አይባክንም። ስም ጥሪ ሲጫወቱ «መምህሩ» ወረቀት ላይ ይሞነጫጭራል፣ የራሱን ስምም ከቦርሳው ላይ ለይቶ ማወቅ ይጀምራል። ተማሪ ሲቆጥር፣ እርሳስ ሲያድል ቁጥሩም አብሮ ይመጣል።

ቤት ውስጥም መሞከር ትችላላችሁ። ልጁ መምህር ይሁን፣ እናንተ ተማሪ ሁኑ። አልቅሱበት፣ ቦርሳችሁ ይጥፋባችሁ፣ ምን እንደሚላችሁ ስሙ። ብቻ ጨዋታውን አትንጠቁት፤ በየመሃሉ «እንደዚህ አይደለም» እያላችሁ ካረማችሁት ጥሎት ይሄዳል።

መምህርታችን፣ እጅሽ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ትምህርት ሊከፈት ሲል ግን አትሂዱ። ልጁ ከእሷ ጋር ለመላመድ ጊዜ ስለሚፈልግ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።