አሮጌ ላዳ 2107 በሰሜን ሸዋ መንገድ፦ ሜዳው ላይ ደግ፣ ጣርማበር ላይ አመለኛ

አዲስ አበባ ላይ «ላዳ» ማለት ታክሲ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ውርጭ ባደረበት ማለዳ ኮፈኑ ተከፍቶ የሚታየው መኪና ነው። እዚህ የምንገመግመው ባለ 1.5 ሊትሩን፣ ባለ ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅል ዕቃ የሚሠራውን) 2107 ነው። መሠረቱ የጣሊያኑ ፊያት 124 ሲሆን፣ ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2012 ተመርቷል። ስለዚህ ሁለት መልካቸው አንድ የሆነ ላዳዎች በዕድሜ ሠላሳ ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ። ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ሳታዩ ዋጋ አትቁረጡ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ከሸኖ በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን ለሚመላለስ ሰው ጥሩ መኪና ነው። ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ ግን ሳይዘጋጁ የሚሞከር አይደለም። ይበላሻል፣ ደጋግሞ ይበላሻል። ብልሽቱ ግን ሁሌም ምክንያት አለው፣ አብዛኛውም በ13 ቁልፍና በካቻቢቴ መንገድ ዳር ይፈታል። ኮምፒውተር የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋብሪካው ከ70 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ ከ55 ብዙም አያልፍም። ካርቡራተሩ ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለቆላ የተለካውን ቤንዚን ደጋ ላይም ያፈሳል። እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላ ፈትታችሁ ጫፉ ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ብዙ ባለቤቶች ሚኒሞውን ብቻ ያጠባብቃሉ። ሚኒሞ ግን መኪናው ቆሞ ሲሠራ ያለውን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ትክክለኛው መፍትሔ ቤንዚኑን የምትለካዋን ትንሽ የናስ ቀዳዳ፣ መካኒኮች ጂግለር የሚሏትን፣ አንድ ቁጥር ዝቅ ባለ መቀየር ነው። የድሮዋን ግን አትጣሉ፤ መኪናው ቆላ ከከረመ መመለስ አለባት፣ አለዚያ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል። ካንዴላው እሳት የሚፈነጥቅበትን ጊዜ ለደጋው ብሎ ትንሽ ያስቀደመ ሰውም ሸዋ ሮቢት ሲደርስና የቤንዚን መርገጫውን ሲጫን፣ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስል «ኳ ኳ» ሲል ይሰማዋል። እሳቱን የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ጥቂት መመለስ ነው።

የማለዳ አነሳስ ቀላል ነው። ቾኩን እስከ መጨረሻው ሳቡ፣ ቤንዚን መርገጫውን አትደጋግሙ፣ ሲነሳ ቾኩን ቀስ በቀስ መልሱ። ብዙ ቀን ቆሞ ከሆነ በቤንዚን ፓምፑ ጎን ያለችውን ማንሻ በእጅ እስክትቀል ድረስ መምታት ባትሪውን ያድናል። ቤንዚን ከሸተተና አልነሳ ካለ መርገጫውን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ያዙና ሞተሪኖውን ብቻ አዙሩ። በዚያም እንቢ ካለ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለውን የእሳት መቆራረጫ፣ ፑንቲናውን፣ ተመልከቱ፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ጫፉ ከተቃጠለም በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይጠረግ።

ዋናው ፈተና ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር መውጣት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጣሊያኖች የቆፈሩት ዋሻ ያለበት ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ በ100 ሳይሆን በ89 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የ2107 የኤሌክትሪክ ቬንቲሌተር የሚነሳው ደግሞ በ92 ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ደርቆ ግፊት ካልያዘ፣ ቬንቲሌተሩ ገና ሳይነሳ ውሃው ፈልቶ ይጨርሳል። ባለቤቱ ቬንቲሌተሩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የክዳኑ ነው። ደህና ክዳን የግማሽ አትሞስፌር ያህል ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን ጣርማበር ላይ እንኳ ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ከመኪናው ሁሉ በርካሹ ዕቃ ይህን ያህል ሥራ መሥራቱ ያስገርማል። የሚሞላው 10 ሊትር አካባቢ ነው፤ እኩል ውሃና አንቲፍሪዝ ይሁን፣ ለደብረ ብርሃኑ ውርጭም ያስፈልጋል።

ቴርሞሜትሩ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ሁለተኛ ራዲያተር ሆኖ ያገለግላል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ተጨማሪ ሙቀት ተሳፋሪውን ያማርራል፣ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ግን ያተርፋል። (በነገራችን ላይ የላዳ ማሞቂያ ለደብረ ብርሃን ብርድ የተሠራ ነው የሚያሰኝ ነው።) ከፈላ በኋላ ክዳኑን አትንኩ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ሞተሩ ሳይፈላ እየተንፈራገጠ ከቆመ ግን ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ተንኖ ነው። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣሉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ይህ በየጉዞው ከተደጋገመ የፓምፑ ጎማ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተና የዘይቱ ልክ ከፍ ካለ አትንዱት፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘውን ኩሽኔታ ይበላል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል። ከዋሻው ወደ ደብረ ሲና በሁለተኛ ማርሽ እንጂ በነጻ ማርሽ አይወረድም። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘውን የአየር ጉልበት ያጠፋዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እግር ብረት የረገጠ ይመስለዋል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ አሮጌው ሲግል ይፈላና መርገጫው ወለል ይነካል። የፊት ዲስኩ ውፍረት ከ9 ሚሊ ሜትር ካነሰ ይጣል፣ «ትንሽ ይሂድ» የሚል መካኒክ ካለ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።

የሞተሩ ጥገና ብዙ አያወራም። ዘይቱ 3.75 ሊትር ነው። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ፣ በ17ና በ13 ቁልፍ። ጧት ከፊት በኩል ሰንሰለት ሲንኳኳ ከሰማችሁ መወጠሪያውን አስተካክሉ። ለሌላው ዕቃ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ አለ፤ ሲገዛ ግን ፎርጅዱ እንደሚበዛ ይታወቅ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን ሳይሆን ሥጋውን (የመኪናውን አካል ቆርቆሮ) መርምሩ፤ ሞተር ይወርዳል፣ የዛገ ወለል ግን መጨረሻ የለውም። ቀለሙ ላይ ማግኔት አዙሩ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ከዚያ ክሪኩን ከበሩ ሥር ባለው ቦታው ገጥማችሁ አንሱና የፊት በሩን ክፈቱ። በሩ ከተጨናነቀ ወይም ሲዘጋ ከአፉ ካልገጠመ፣ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።