ለዱር ዝይ ፍልሰት የትኛው አስተላላፊ ይገዛ? ቪኤችኤፍ፣ አርጎስ ወይስ ጂፒኤስ ከሞባይል ኔትወርክ ጋር

ዝይ ላይ የሚታሰሩትን እነዚህን ሦስት የመከታተያ አስተላላፊዎች የሚለያያቸው ትልቁ ነገር ዝይዋ ከሄደች በኋላ መረጃው ወደ እርስዎ የሚመጣበት መንገድ ነው። ዋጋና የቦታ ጥራት ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ።

ቪኤችኤፍ የሚባለው የሬዲዮ አስተላላፊ ርካሹና ቀላሉ ነው። አስተላላፊው በ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ አጫጭር ምት ይልካል፤ የሚከታተለው ሰው በእጅ በሚያዝ ያጊ አንቴና ሲግናሉ የሚበረታበትን አቅጣጫ ይፈልጋል። ከሁለት ቦታ የተለኩ አቅጣጫዎች የሚገናኙበት ነጥብ የዝይዋ ቦታ ነው። መስመሮቹ ወደ 90 ዲግሪ በተጠጋ ማዕዘን ካልተቋረጡ ስህተቱ ይሰፋል፤ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የ5 ዲግሪ ስህተት ብቻውን 440 ሜትር ገደማ ያስታል። መሬት ላይ ሆኖ የሚሰማው ለጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሆነ መንጋው ሌሊት ተነስቶ ከሄደ፣ በአውሮፕላን ካልተከተሉት በቀር፣ ጠፋ ማለት ነው። ለጎጆና ለማደሪያ ሐይቅ ጥናት ይግዙት፤ ለፍልሰት ግን አይመከርም። ሲያዝዙ በአስተላላፊዎቹ መካከል ቢያንስ 10 ኪሎኸርዝ ልዩነት ይጠይቁ፤ ቅዝቃዜ ፍሪኩዌንሲውን ትንሽ ስለሚያንሸራትተው የተጠጋጉት ይደባለቃሉ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩና በኮድ የሚለዩም አሉ፤ ሞተስ የተባለው የጣቢያዎች መረብ የሚያዳምጠው እነዚህን ነው። ጣቢያ በሌለበት መንገድ ላይ ግን የሚሰማቸው የለም።

አርጎስ የሳተላይት ሥርዓት ነው። ከአስተላላፊው በ401.65 ሜጋኸርዝ የሚመጣውን ሲግናል ሳተላይቱ ሲያልፍ ይይዛል፤ ቦታው የሚሰላው ሳተላይቱ ሲቀርብና ሲርቅ በሚታየው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ (ዶፕለር) ነው። የጥራት ደረጃ 3 ከ250 ሜትር ያነሰ ስህተት አለው፤ ደረጃ 1 ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ይስታል፤ ኤ እና ቢ የሚባሉት ደግሞ የስህተት ግምት እንኳ አይሰጣቸውም። ጂፒኤስ የተጨመረበት አርጎስ ይህን ችግር ያስወግዳል። ትልቁ ጥቅሙ በአርክቲክ ጠረፍም ሆነ በውቅያኖስ ላይ መላክ መቻሉ ነው፤ ዝይዋ እዚያ ብትሞት እንኳ ቀድሞ የተላከው መረጃ አይጠፋም። መሣሪያው ውድ ነው፤ ለሳተላይት አገልግሎቱም ሌላ ክፍያ አለ።

ጂፒኤስ ከሞባይል ኔትወርክ ጋር ለአብዛኛው የዝይ ሥራ የተሻለው ምርጫ ነው። ቦታውን በሜትሮች ልክ መዝግቦ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል፤ ከሌለ በውስጡ ያስቀምጣል። ከፍታንም ይመዘግባል፤ ይህን ዶፕለር አይሰጥም። ሂማላያን የሚያቋርጡት ዝይዎች እስከ 7,290 ሜትር ሲወጡ የተመዘገበው በጂፒኤስ ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ኔትወርክ በሌለበት መራቢያ ቦታ ሳለች የሞተች ዝይ የበጋውን መረጃ ሁሉ ይዛው ትቀራለች። ከመግዛትዎ በፊት መሣሪያው በየትኛው ትውልድ ኔትወርክ እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ 2ጂ እና 3ጂ በብዙ አገሮች እየተዘጉ ነው። የሲሙ ዝውውር (ሮሚንግ) መንገዱ የሚያልፍባቸውን አገሮች ሁሉ መሸፈኑንም ያረጋግጡ።

ባትሪውን የሚሞላው ፀሐይ ነው። በጀርባ የሚታሰረውን የፀሐይ ሰሌዳ ላባ ይሸፍነዋል፤ የአንገት ቀለበት ግን ከላባው በላይ ስለሚቀመጥ የተሻለ ይሞላል። ነገር ግን በብርቱ ቅዝቃዜ ቀለበቱ ላይ በረዶ ሊጋገር ይችላል፤ ክረምታቸውን በጣም ቀዝቃዛ ቦታ ለሚያሳልፉ ዝይዎች ይህ ቀላል ችግር አይደለም። ቀኑ ሲያጥር በየ15 ደቂቃው መመዝገብ ባትሪውን ስለሚጨርሰው፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ክፍተቱን በራሱ ወደ ጥቂት ሰዓታት የሚያሰፋ መሣሪያ ይምረጡ።

የክብደቱ ደንብ ለሁሉም አንድ ነው፦ አስተላላፊው ከነማሰሪያው ከሰውነቷ ክብደት 3 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። 2.4 ኪሎ ለምትመዝን 72 ግራም፣ 1.4 ኪሎ ለምትመዝን 42 ግራም ይሆናል። ለጉዞ በወፈረችበት ጊዜ ሳይሆን በከሳችበት ወቅት ባለው ክብደት ያስሉ። የደረሱልዎትን መሣሪያዎች፣ አጥፍቶ የሚያቆያቸውን ማግኔት ነቅለው፣ ከማሰርዎ በፊት ሰማይ በሚታይበት ሜዳ ላይ 2 ቀን ያቆዩዋቸው፤ ያልላከ ካለ ይመልሱት። አእዋፉን የሚያጠምዱት የክንፍ ላባቸውን ጥለው ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት መብረር በማይችሉበት ጊዜ ከሆነ፣ ትእዛዝዎ ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ይሂድ። የማጥመጃና የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ሳይወጣ ግን አያዝዙ፤ በየአገሩ የሚፈቀደው ፍሪኩዌንሲ ይለያያል፤ በአንዱ የተሠራ ቪኤችኤፍ ደግሞ በኋላ አይቀየርም።