«ሃይብሪድ (ከሁለት ዘር የተዳቀለ) ነው» ብለው የሚሸጡላችሁን ወፍራም ፓልም ቅጠሉን ሳታዩ እንዳትገዙ (ዳላስና አካባቢው ላላችሁ)

ይሄን የምጽፈው ትናንት ከዛ ቦታ ከተመለስኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው፣ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፣ ስለዚ ፊደል ብስት ይቅርታ። ዳላስ፣ ጋርላንድ፣ ፕሌኖ ያላችሁ ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ጸደይ በመጣ ቁጥር ሃይዌይ ዳር ባዶ ቦታ ይዘው ባነር ሰቅለው ከፍሎሪዳ በትራክ የመጣ ፓልም ደርድረው የሚሸጡት። ዋጋ ስትጠይቁ ሦስት ሺ ይላሉ፣ ልትሄዱ ስትሉ ይጠሯችኋል፣ «ዛሬ ብቻ» ይባላል፣ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላከው) ከሆነ ደግሞ ይቀነሳል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ የገባሁበት ሻጩ የኛው ልጅ ስለነበረ ነው፣ ገና ከመኪና ስወርድ «እህቴ» ያለኝ።

አምና ጁን ላይ 1,900 ዶላር ለዛፉ፣ 400 ለመትከያ ከፈልኩ።

ለምን ፓልም ፈለግሽ የሚለኝ ሰው አለ። ባሕር ዳር ነው ያደግሁት፣ ዘንባባ ከሌለበት ግቢ ግቢ አይመስለኝም፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቤቱን ስንገዛ የተከልነው ኩዊን ፓልም ነበር፣ በ2021 ፌብሩዋሪ ያ በረዶ ጨረሰው። ያን ሳምንት ማን ይረሳዋል፣ መብራት ጠፍቶ ልጆቼን አንድ አልጋ ላይ አስተኝቼ ያለኝን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራርቤባቸው፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን ኤርፖርቱ ጋ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት ገባ፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 19 ማለት ነው። እንዲህ ያለው ባለ አንድ ግንድ ፓልም ደግሞ ልቡ አንድ ነው፣ እንደ ሌላ ዛፍ ከጎኑ አያቆጠቁጥም፣ መሃሉ ላይ ያለው እምቡጥ ከሞተ አለቀ። ማርች ላይ የመሃሉን ቅጠል ሳብ ሳደርገው እንደበሰበሰ ጎመን ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ከዛ በኋላ ማታ ማታ ብርድ የሚችል ፓልም የቱ ነው እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ፣ የቺሊውንም ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጁቤያ ይሉታል። መሃል ቺሊ ውስጥ ኦኮአ የሚባል ሸለቆ ላይ እንደ ጫካ ቆሞ ፎቶውን አይቼ ሙሉ ምሽት ስመለከተው አደርኩ። ግንዱ ከአንድ ሜትር በላይ ይወፍራል፣ አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። ድሮ እየቆረጡ ጣፋጭ ጭማቂውን አፍልተው የፓልም ማር ይሠሩበት ስለነበር ነው ቁጥሩ የተመናመነው። ፍሬው ደግሞ ትንሽዬ ኮኮናት ነው፣ ሦስቱ ዓይኖች ሳይቀሩ አሉት፣ ይበላል። ብርድ ይችላል፣ ግን በጣም ዝግተኛ ነው፣ ግንድ እስኪያወጣ ልጅሽ አድጎ ይወልዳል፣ እርጥብና ሞቃት የሆነ የበጋ ሌሊትም አይስማማውም፣ አገሩ በጋው ደረቅ ነዋ። ለዚህ ነው ከቡቲያ ጋር የሚያዳቅሉት። ቡቲያ ያቺ ሰዎች ፒንዶ የሚሏት፣ ቅጠሏ ወደ ግራጫ የሚወስዳት ቆልመም ያለች፣ ከፍሬዋ ማርማላታ የሚሠራባት ናት። ቡቲያዋን እናት ያደርጋሉ፣ የራሷ ወንድ አበባ ሳይፈነዳ ቆርጠው ይጥሉና ሴቷን በከረጢት ሸፍነው ከቺሊው የመጣ የአበባ ዱቄት ያደርጉባታል። በእጅ፣ አንድ በአንድ። ልጁ የአባቱን ውፍረትና ብርድ መቻል፣ የእናቱን ቶሎ ማደግ ይወስዳል። ለዛ ነው ውዱ። ግንድ ያወጣ ትልቅ ሃይብሪድ 1,900 ዶላር መባሉ ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን እግዜር ሰጠኝ አልኩ።

ሻጩ ልጅ ሁሉን ያውቃል፣ ወይ የሚያውቅ ይመስላል። «ይሄ ቡቲያና ጁቤያ ነው እህቴ፣ የሚገባው ሰው አጥቶ ነው የተቀመጠው፣ አንቺ ስለገባሽ ነው» አለኝ። ስሩ ላይ ወፍራም ነው፣ በርሜል ያክላል። ያነበብኩትን ይዤ ጠየቅሁት። ቅጠሉ ለምን ግራጫ አይልም? «ሃይብሪድ ነዋ፣ ወደ አባቱ ወጥቶ ነው።» የቅጠሉ ዘንግ ጠርዝ ላይ የቡቲያ ጥርስ የት አለ? «ሃይብሪድ ነዋ።» ግንዱ ላይ ያለው የቅጠል ጠባሳ ፎቶ ላይ ካየሁት ይለያል? «ሃይብሪድ ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም እህቴ።» በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባል የለ፣ እኔም አባቱን ስጠይቅ ስለ አጎቱ ሲነገረኝ ነው የቆየሁት። ያ አንድ ቃል ጥያቄዬን ሁሉ ዋጠው።

አሁን ከአእምሮዬ የማይወጣው ግን ከዛ ቀጥሎ የሆነው ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ስር፣ ከግንዱ ጋ የሚገናኙበት ቦታ፣ ረጃጅም እሾህ አለ። ጣቴን ሳስጠጋ አየኝ። አንዲት ደቂቃ አልፈጀበትም፣ የአትክልት መቀስ ከኪሱ አወጣና «ልጆች አሉሽ አይደል፣ ዓይን ይወጋል፣ ቆይ ላስተካክልልሽ» ብሎ ተንበርክኮ መከርከም ጀመረ። እያንዳንዱን ከስሩ፣ ጠጋ አድርጎ፣ ጉቶው እንዳይታይ በቢላ እየላገ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። በዛ ሙቀት ላቡ እየተንጠባጠበ። የሚወድቀውን እሾህ የሚሰበስብበት ባልዲ ነበረ፣ እኔ አዘንኩለትና ባልዲውን ያዝኩለት። የሚያታልለኝ ሰው ማስረጃውን ሲያጠፋ ባልዲ ይዤ ከአጠገቡ ቆሜያለሁ። ስንጨርስ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» ብዬ ሃያ ዶላር ጉርሻ ሰጠሁት። ይሄን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ከዛ ተከልነው። የዳላስ አፈር የኛው መረሬ ነው፣ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይይዛል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስለዚ ውሃ እንዳይተኛበት ከፍ ያለ መደብ ሠርተን ነው ያስቀመጥነው። ክረምቱን የድሮውን የሚሞቅ የገና አምፖል ጠምጥሜበት (ኤልኢዲው አይሞቅም፣ እሱን አታድርጉ) ብርድ ልብስ አልብሼ አሳለፍኩት። ባለቤቴ ልጅ ነው ወይ እስኪለኝ። በዚህ መሃል አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ግን ተሸፍኖ ስለነበር ጠጋ ብዬ አላየሁም።

እማዬ ለሁዳዴ መጣች። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ ለልጆቹ ቀለበት ልሥራላቸው ብላ ቢላ ይዛ ወጣች። «ውይ!» ስትል ሰምቼ ሮጥኩ። ጣቷ ይደማል። እሷ ግን ጣቷን አይደለም የምታየው፣ ቅጠሉን ነው። «ይሄማ ዘንባባ ነው» አለችኝ። አይ እማዬ፣ ይሄ ከቺሊ የመጣ ነው፣ ሌላ ዘር ነው አልኳት። «ምን ሌላ ነው፣ ዓባይ ዳር ስንቱን ቆርጬ አሳድጌሽ፣ እሾሁን አላውቀውም? ይልቅ የታችኛውን ማነው እንዲህ የላገው?»

ከዛ አንዱን ቅጠል ገንጥላ መዳፏ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወደ ላይ የታጠፈ ነው፣ እንደ አሸንዳ፣ ውሃ ቢፈስበት ይዞ የሚወርድ። የኛ ዘንባባ እንደዛ ነው፣ ተምርም እንደዛ ነው፣ የእነሱ ዘመድ የሆነው ካናሪ ፓልምም እንደዛ ነው። ቡቲያም ጁቤያም ኩዊን ፓልምም ግን ተገልብጠው ነው የሚታጠፉት፣ እንደ ጣሪያ፣ ውሃው በግራና በቀኝ የሚወርድ። ሁለቱም ወላጅ ጣሪያ ከሆነ ልጁ አሸንዳ የሚሆንበት መንገድ የለም። ያ ረጅም እሾህም፣ ቅጠሉ ራሱ ስሩ ላይ ወደ እሾህነት የተለወጠው፣ ቡቲያም ላይ ጁቤያም ላይ የለም፣ ቡቲያ ያላት ዘንጉ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ጥርስ ነው። ሃይብሪድ ወላጆቹ ያላቸውን ያቀላቅላል እንጂ ሁለቱም የሌላቸውን ከየት ያመጣል? ጁቤያና ካናሪ ደግሞ ዘራቸው የተራራቀ ነው፣ አይዳቀሉም። የተሸጠልኝ ካናሪ ፓልም ነው። ቆንጆ ዛፍ ነው፣ አልጠላሁትም፣ ግን ሃያ ፋራናይት አካባቢ ቅጠሉ መቃጠል ይጀምራል። እውነተኛው ሃይብሪድም የ2021ን ዓይነት ያለ መከላከያ ይችላል አልልም፣ ግን እኔ የከፈልኩት ለዛ ተስፋ ነበር። ባሕር ዳር ያደግሁ ሰው፣ በየሆሳዕናው ያ እሾህ ሲወጋኝ የኖርኩ፣ ሁለት ሺ ሦስት መቶ ዶላር ከፍዬ አላወቅሁትም። በጣም ነው የሚያንገበግበኝ።

ትናንት ቅጠሉንና ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። ልጁ ከሩቅ አይቶኝ ወደ ተጎታቹ ቢሮ ገባ። ተከትዬው ገባሁ። በአማርኛ ሰላም አልኩት። በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። አምና «እህቴ» ሲለኝ የነበረው ሰው «ማም» አለኝ! ማኔጀሩ እዛው ተቀምጧል፣ ፈረንጅ ነው፣ ቅጠሉን ሳሳየው እጁን እንኳን አልዘረጋም፣ ምሳውን እየበላ ነበር። ሪሲቱን አሳይኝ አለ። ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ «ፓልም፣ ትልቅ፣ አንድ»። «ፓልም ነው? ነው። ትልቅ ነው? ነው። በሕይወት አለ? አለ። ታዲያ ችግሩ ምንድነው?» የኛ ልጅ መሬት መሬት እያየ ሳቀ። ድምጼ ተቆረጠ፣ የመጣሁበትን ሁሉ ረሳሁት፣ እንባዬ እንዳይታይ ብቻ ነበር ጭንቀቴ። ስወጣ ከኋላዬ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሴትዮ፣ አንዴ ከተተከለ አለቀ እኮ» አለኝ። አማርኛው የመጣለት ለዚህ ነው።

ባንኩ ዜል በራስሽ ፈቃድ የላክሽው ነው አይመለስም ብሎኛል። ስለዚ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ሪሲቱ ላይ የዛፉን ሙሉ ሳይንሳዊ ስም አስጽፉ፣ የሁለቱንም ወላጆች፣ እምቢ ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ቅጠሉን ገንጥላችሁ እጥፋቱን እዩ። ስሩ ላይ የተላገ ነገር ካያችሁ ምን እንደነበረ ጠይቁ። ከዚህ ሰውዬ አምና የገዛችሁ ካላችሁም ዛሬውኑ ወጥታችሁ አዲሱን ቅጠል ከስሩ ተመልከቱ፣ የከረከመው ድጋሚ አይበቅልም፣ አዲሱ ግን ይዞት ነው የሚወጣው።

እኔ ትናንት ከግቢው ስወጣ አዲስ ጭነት እያራገፉ ነበር። ስድስት ወፋፍራም ቆጥሬያለሁ፣ እሾሃቸው ገና አልተነካም፣ ያ ባልዲ ከአጠገባቸው ተቀምጧል።