ሄዲስ ከወራት በኋላ፦ ታሪኩ ነው ወይስ አጨዋወቱ?

ሄዲስን የገዛሁት ለፍልሚያው ነው። ፈጣን ጌም እወዳለሁ። ወሬ ሲበዛ ደግሞ ቁልፍ እየነካሁ አልፋለሁ። ከወራት በኋላ ግን ስለዚህ ጌም ለሰው ሳወራ የምጀምረው ከታሪኩ ሆኗል። (ከዚህ በታች ታሪኩን የሚገልጥ ነገር አለ።)

ጌሙን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሱፐርጃይንት ጌምስ ነው። ታሪኩ ከግሪክ አፈ ታሪክ የተቀዳ ነው። ዛግሪየስ የሙታን ዓለም ገዢ የሄዲስ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ቤት አምልጦ ምድር ላይ መውጣት ይፈልጋል። በየክፍሉ ጠላት ይጠብቀዋል። ከሞተ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የክፍሎቹ ቅደም ተከተልም በየጊዜው ይቀያየራል። እንዲህ ዓይነት ጌም ሞልቷል። አብዛኛው ግን ስትሞቱ "እንደገና ጀምሩ" ብሎ ዝም ይላል።

እዚህ ዛግሪየስ ሲሞት ቤቱ ይመለሳል። እንቅልፋሙ ሂፕኖስ በር ላይ ይጠብቀዋል፤ በምን እንደሞተ ከዝርዝሩ ያይና ምክር ቢጤ ይለግሰዋል። አባትየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል ይናገረዋል። ቅድም ፍልሚያ ላይ የገደለችው የበቀል አምላክ ሜጋራ ሳሎን ውስጥ ቆማ ትገኛለች፤ ሄዶ ሊያዋራት ይችላል። መጀመሪያ አካባቢ ደጋግሜ ስሸነፍ ኮንትሮለሩን እንዳልወረውር ያደረገኝ ይሄ ነው። ሞትኩ ማለት አዲስ ወሬ አለ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን የድሉ አሠራር ነው። ዛግሪየስ በመጨረሻ አባቱን ራሱን አሸንፎ ምድር ላይ ይወጣል። እናቱን ፐርሰፎኒን ያገኛታል። ሆኖም ከሙታን ዓለም ውጭ ብዙ መቆየት አይችልም። ጥቂት እንዳወሩ ይሞትና ተመልሶ ቤቱ ነው። የተቋረጠውን ወሬያቸውን ለመቀጠል እንደገና ማምለጥ ግድ ይላል። ዋናው ታሪክ የሚቋጨው ለ10ኛ ጊዜ ሲያመልጥ ነው። ተጫዋቹ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም እንደገና መጀመሩ አይቀርም፤ ደራሲዎቹ ለዚህ ድግግሞሽ የልጅ ናፍቆትን ምክንያት አድርገው ሰጡት። በ2021 የሁጎ ሽልማትን ያሸነፈ የመጀመሪያው የቪዲዮ ጌም መሆኑ አይገርመኝም። ሁጎ በዋናነት ለሳይንስ ልቦለድና ለፋንታሲ ሥራዎች የሚሰጥ ሽልማት ነው።

አማልክቱ በመንገዱ ላይ ለዛግሪየስ የሚሰጡት ኃይል፣ ማለትም በረከቶቹም እንደዚሁ ናቸው። ዜውስ መብረቅ ይሰጣል፤ ፖሲዶን ጠላትን የሚገፋ ማዕበል፤ አቴና ጥቃትን መልሶ የሚያነጥር ጋሻ። የምትመርጡት ኃይልን ነው፤ ግን ኃይሉ የሚመጣው ከዘመድ አፍ ነው። አጎት አለ፣ የአጎት ልጅ አለ፤ ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው።

የማልወደውም አለ። አንዳንድ ንግግር በፍልሚያ መሃል ይመጣል። ዓይን ጠላት ላይ ሆኖ ጽሑፍ ማንበብ አይቻልም፤ ብዙ ነገር እንዲሁ አምልጦኛል። ሌላው ዕድል ላይ መንጠልጠሉ ነው። ለእኔ የጌሙ ምርጥ ታሪክ የሁለቱ የግሪክ ጀግኖች፣ የአኪሊስና የፓትሮክለስ ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ዘብ ቆሟል፤ ሌላው ኤሊሲየም በሚባለው የሙታን ዓለም ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። በመካከላቸው መልእክት የሚያመላልሰው ዛግሪየስ ነው። ፓትሮክለስ ያለበት ክፍል ግን የሚመጣው በዕጣ ነው። ታሪኩ ልብ በሰቀለ ሰዓት ክፍሉ አልመጣ ሲል ያበሳጫል።

ዋናው ታሪክ ካለቀ በኋላ ወሬው እየሳሳ ይሄዳል። ሰላምታው ይደጋገማል። እኔ ግን እስካሁን እየተጫወትኩ ነው፤ አሁን የያዘኝ አጨዋወቱ ነው። መሣሪያዎቹ 6 ናቸው፤ ከጦር ወደ ቀስት ስትቀይሩ ሙሉ አጨዋወታችሁ ይቀየራል። የቅጣት ውል የሚባለው ደግሞ የጌሙን ከባድነት በራሳችሁ ምርጫ እንድትጨምሩ ያደርጋል። ብሎክ የሚደረደርበት ጌም ቴትሪስ ከ1984 ጀምሮ ያለ አንዲት ቃል ታሪክ ሰውን ይዞ ኖሯል፤ ሄዲስም ወሬው ሲደርቅ የሚቆመው በዚሁ ጉልበት ነው። ፍልሚያው ደካማ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ንግግር እስከዚህ ባላደረሰኝ። ታሪኩ ባይኖር ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ሽንፈቶች ትቼው ነበር።

ፍልሚያ ከበዳችሁ ጎድ ሞድ የሚባለውን ማቅለያ አብሩት። ከሚደርስባችሁ ጉዳት 20 በመቶውን ይቀንሳል፤ በሞታችሁ ቁጥር 2 በመቶ እየጨመረ እስከ 80 ይደርሳል። ከታሪኩ አንዲትም ነገር አይቆርጥባችሁም።