«ሙሉ የቤዝ ፔዳል ቦርድ» እየተባለ የሚሸጠውን ዕቃ ተጠንቀቁ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ያላችሁ ቤዚስቶች፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ።

ሰሞኑን በቴሌግራም «ሙሉ የቤዝ ቦርድ፣ ከነፓወሩ፣ ከነቦርሳው» እየተባለ የሚሸጥ ዕቃ አለ። ትንሽ ናት። ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ ትቀመጣለች። አምስት ባለቀለም ሚኒ ፔዳሎች፣ ማለትም በእግር እየተረገጡ የቤዙን ድምፅ የሚቀይሩ ትንንሽ ሳጥኖች፣ ተደርድረውባታል፣ ፎቶዋ ያምራል። ሻጩ «መጀመሪያ ብሩን አስገቡ» ይላል፣ ዕቃውን በአውቶቡስ ይልካል። ነጣጥሎ አይሸጥም፣ አይመልስም። በተጠየቀው ዋጋ ደህና ቤዝ ጊታር ይገዛል።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ገዛት። ሠርግ ሊሠራባት ሲል «እምምም» ማለቷን አላቆም ብላ አስቸገረችውና ይዟት መጣ። አብረን ፈታናት። የምጽፈው እዚያ ያየሁትን ነው።

ዋናው ጉድ ለፔዳሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ላይ ነው። ስምንት መውጫ ያለው ጥቁር ሳጥን ነው። ከላዩ ላይ መውጫዎቹ አይሶሌትድ ናቸው፣ ማለትም አንዱ ከሌላው የተነጠለ ነው፣ እያንዳንዱም 500 ሚሊአምፒር ይሰጣል ተብሎ ተጽፏል። አብሮት የመጣውን አዳፕተር ገልበጥ ስናደርገው ግን 9 ቮልት፣ 1 አምፒር ይላል። ስልካችሁን አውጡና ምቱት። 500 በ8 ሲባዛ 4000 ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባው 1 አምፒር፣ ማለትም 1000 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ቮልቱ ያው 9 ሆኖ ሳለ 3000ው ከየት መጣ?

ብሎኖቹን ፈታናቸው። ውስጡ አንዲት ስስ ቦርድና አንዲት ሰማያዊ መብራት ብቻ። ስምንቱም ሶኬቶች በአንድ የመዳብ መስመር ላይ ተበይደዋል። የሚነጥል ትራንስፎርመር ብትሉ፣ ሌላ ነገር ብትሉ፣ ምንም። ባለ ስምንት ጫፍ ተራ ኬብል ሳጥን ለብሶ ማለት ነው። መውጫዎቹ ስላልተነጠሉ የአንዱ ፔዳል ረብሻ ወደ ሌላው ያልፋል፣ ጉምምታውም በዚህ ይመጣል። መብራቷ ግን ታምራለች፣ አልዋሽም።

ይህን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። ሳጥኑን ከመብራት ንቀሉት። ኬብሎቹን ሁለት መውጫ ላይ ሰኩ፣ ፔዳል ግን አታገናኙ። ቴስተራችሁን ጢጥ ወደሚልበት አዙሩና አንዱን እግር በአንደኛው ኬብል ጫፍ የውጭ ብረት ላይ፣ ሌላውን በሁለተኛው የውጭ ብረት ላይ አስነኩ። ጢጥ ካለ አልተነጠለም። ቴስተር ከሌላችሁ ማንኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ አለ፣ የደቂቃ ሥራ ነው።

«ትንሽ ጉምምታ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ለጊታሪስት ላይከብድ ይችላል። ለቤዝ ግን ይከብዳል። የእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል። የቤዝ ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ሄርዝ ገደማ ነው፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ጂ ደግሞ 49። ጉምምታው የሚቀመጠው እኛ በምንሠራበት ቦታ ነው። ጊታር ቢሆን ሳውንድ ማኑ ከታች ቆረጥ አድርጎ ይገላግላችኋል። ቤዝን ከታች ከቆረጡትማ ምን ሊቀር!

ወደ ፔዳሎቹ ስንመጣ፣ ቱነሩ (መቃኛው) ደህና ነው። ሌሎቹ ግን የጊታር ናቸው። ኦቨርድራይቩ (ድምፅ የሚያጎረብጠው) አረንጓዴ ነው፣ ቲዩብ ስክሪመር የሚባለው የታወቀ የጊታር ፔዳል ቅጂ። ያ ሰርኪዩት ከ720 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ እየቀነሰ ነው የሚያጎላውና የሚያጎረብጠው። ለጊታር የተወደደው በዚሁ ነው፣ ከባንዱ መሃል ጥርት ብሎ ይወጣል። ቤዝ ላይ ሲረገጥ ግን ወፍራሙ የታችኛው ድምፅ ይጠፋል። የቤዝ ኦቨርድራይቭ ንጹሑን ድምፅ ከተጎረበጠው ጋር የሚያቀላቅል ጉብታ ቢኖረው ነው የሚሻለው። የቦስ ኦዲቢ-3 ላይ «ባላንስ» የሚለው ጉብታ ለዚህ ነው። ድምፁን እያወዛወዘ የሚያበዛውን ኮረስም አልወደድኩትም። አንቺሆዬ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ቶን ተጠጋግተው በሚሄዱበት ቦታ ታች ያለውን ኖታ እያወዛወዘ ከቅኝት የወጣችሁ ያስመስላችኋል።

«ቪዲዮ ልኮልኛል፣ ሰምቼዋለሁ» እንዳትሉ። የስልክ ስፒከር 41 ሄርዝን ከነጭራሹ አያሰማም። የሰማችሁት ላይኛውን ጭረት ነው።

አሁን ደግሞ የሌለውን ነገር ልንገራችሁ። ዲአይ፣ ማለትም የቤዙን ድምፅ ለሚክሰር እንዲስማማ አድርጎ የሚልክ ሳጥን፣ የለውም። እዚህ ሠርግ ላይ የቤዝ አምፕ የሚያገኝ ስንት ነው? ቤዙ በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ይገባል። ባትሪ የማይፈልግ ተራ ቤዝ መቋቋሙ (ኢምፒዳንሱ) ወደ 1 ሜጋኦም የሚጠጋ መግቢያ ይፈልጋል፣ የሚክሰሩ ላይን መግቢያ ደግሞ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎኦም አካባቢ ነው። እነዚህ ሚኒ ፔዳሎች ሲጠፉ ድምፁን እንዳለ ስለሚያሳልፉት ቤዙ ታፍኖና ደንዝዞ ይወጣል። ረጅሙ የጊታር ኬብል ደግሞ በመንገዱ ጉምምታ ይለቅማል። የማይክራፎን ኬብል የሚሰካበት መውጫ ያለው ዲአይ ሁለቱንም ያቃልላል። «ለቤዝ የተሟላ» ተብሎ እሱ ካልተካተተ ምኑ ተሟላ?

ልጁ ለሻጩ ሲደውል ምን ቢለው ጥሩ ነው? «የዋይፋይ አዳፕተር ሞክርበት።» ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ! የዋይፋይ አዳፕተር ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ መሃሉም ፖዘቲቭ። አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ነው፣ መሃሉ ኔጋቲቭ። ሶኬቱ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ፔዳሉ ይቃጠላል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ አዳፕተርም ካለ ጽሑፉን አንብቡ። 100-240 ቮልት ካለ አብሽሩ። 120 ቮልት ብቻ ካለ ግን የእኛ 220 ላይ አንዴ ከሰካችሁት አበቃለት።

በዚያው ብር እኔ ብሆን ሦስት ነገር ነው የምገዛው፦ ዲአይ ያለው የቤዝ ፕሪአምፕ (ድምፁን አጎልብቶ የሚያስተካክል)፣ ቱነርና ኮምፕረሰር (ከፍና ዝቅ የሚለውን ድምፅ የሚያመጣጥን)። ፕሪአምፑ የቴክ 21 ሳንስአምፕ ቢሆን እሰየው። አቅም ካጠረ የቤህሪንገሩ ቢዲአይ21 አለ። ሰውነቱ ፕላስቲክ ነው፣ በጫማ አትጨክኑበት እንጂ ሥራውን ይሠራል። ቱነሩንና ኮምፕረሰሩን በ9 ቮልት ድንጋይ የሚሠሩትን ምረጡ። ሚኒዎቹ አብዛኞቹ የድንጋይ ቦታ የላቸውም። ድንጋይ ደግሞ ጉምምታ አያውቅም፣ ጄኔሬተሩ ሲወላገድም አይደነግጥም። ሁሉንም በአንድ ዕቃ የሚፈልግ ደግሞ ዙም ቢ1 ፎርን ይይ፣ በ4 ትንንሽ ድንጋይ ይሠራል። እሱም ግን የማይክ ኬብል መውጫ ስለሌለው ዲአዩ አይቀርም።

ደረሰኝ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስቀየር ወይም ብር የማስመለስ መብት ይሰጣችኋል። ስሙንም ሱቁንም ለማታውቁት የቴሌግራም ሻጭ ያለ ደረሰኝ ከላካችሁ ግን በምን ትይዙታላችሁ? ብሩን ውሃ በላው ማለት ነው። ሻጩ የኮምቦልቻውን ልጅ ብሎክ አድርጎታል።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ሁሉም አይጣልም። ቱነሩን አስቀሩት፣ ቦርሳውም ጠንካራ ነው። አረንጓዴውን ለጊታሪስት ሽጡለት፣ ደስ ይለዋል። ፔዳሎቹን በዚያው ሳጥን ለጊዜው መጠቀም ካለባችሁ አዳፕተሩ የሚችለውን 1000 ሚሊአምፒር እንዳታልፉ የእያንዳንዱን ፍጆታ ከጀርባው አንብባችሁ ደምሩ። ዲጂታል የሆነውን ፔዳል ከሳጥኑ አውጡና የራሱን አዳፕተር ስጡት። ልጁ ኮረሱን ለይቶ ሲሰካው ከጉምምታው ጋር ይሰማ የነበረው ፉጨት ወዲያው ጠፍቷል።