የትል ማዳበሪያ፦ ቬጋስ ላይ ገንዘቤን ያላስቆጨኝ

ላስ ቬጋስ ላይ ቃሪያ፣ ጎመንና ጤና አዳም ለማብቀል ስታገል ለማዳበሪያ ያወጣሁትን ዶላር ባልቆጥረው ይሻላል። ከሞከርኳቸው ሁሉ ደግሜ የምገዛው አንዱን ብቻ ነው፤ የትል ማዳበሪያ። አዎ፣ የትል ኩስ። ባለቤቴ መጀመሪያ ስትሰማ «ለዚህ ገንዘብ ከፈልክ?» ነው ያለችኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት ግን እሱን አልነበረም። በከረጢት የታሸገ የከብት ፍግ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ። እናቴ ጎመኑ ሥር ፍግ ስትበትን እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ምኑ ይከብዳል ብዬ ሁለት ከረጢት ሙሉ አንዲት ትንሽ መደብ ላይ ገለበጥኩና በዚያው ቀን ቃሪያ ተከልኩበት። ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ እንደተጠበሰ ተንኮማተረ። ውሃ ያነሰው መስሎኝ ጠዋት ማታ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ። ባሰበት።

ጉዳዩ ጨው ነው። ፍግ ውስጥ ጨው አለ። የእናቴ ጓሮ ላይ ክረምቱ አጥቦ ይወስደዋል፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ብቻ የሚዘንበው ቬጋስ ዓመቱን ሙሉ ከሚያገኘው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ እጥፍ ይበልጣል። እዚህ የሚያጥብ የለም። የቧንቧው ውሃ ራሱ አብዛኛው ከኮሎራዶ ወንዝ በሚድ ሐይቅ በኩል የሚመጣ፣ ማዕድን የበዛበት ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ብታዩ ነጩን ነገር ታገኙታላችሁ። ጨዋማ አፈር፣ ጨዋማ ውሃ፣ እኔ ደግሞ ከላይ ፍግ ጨመርኩበት። ፍግ አይረባም እያልኩ አይደለም፤ በደንብ የተብላላ ከሆነ፣ ከመትከላችሁ ከወራት በፊት ከአፈሩ ጋር አደባልቃችሁ ውሃ በጥልቁ ካጠጣችሁት ይሠራል። እኔ ትዕግሥቱ አልነበረኝም።

የትሉ ማዳበሪያ ጥቁርና እርጥብ ነው፣ የቡና አተላ ይመስላል፤ ሲሸት ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ የመታው መሬት ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ሦስት ቁጥሮች ታያላችሁ፤ የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሺየም ፐርሰንት ናቸው። የኔው 1-0-0 ይላል። የደም ዱቄት የሚባለው 12-0-0 ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ «ይሄ እኮ ደካማ ነው» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የወደድኩት በዚሁ ነው። አያቃጥልም። የበረሃው አፈር ከምግብ በላይ የጎደለው ብስባሽ ነው፣ ውሃ የሚይዝለት ነገር ነው፣ ይሄ ደግሞ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ይሰጠዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት እፍኝ ጨምሬ፣ ከአፈሩ ጋር አዋህጄ ተከልኩ፤ በዓመቱ ቃሪያው ለጎረቤት ተረፈ።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ውድ ነው፤ ትልቅ መደብ ያለው ሰው በዚህ ብቻ ልቀልብ ቢል ኪሱ ባዶ ይቀራል። ሌላው፣ አንድ ጊዜ ከሱቅ ውጭ ፀሐይ ላይ ከተደረደረው አንስቼ ገዛሁ፣ ቤት ገብቼ ስከፍተው ደርቆ አቧራ ሆኗል። ከረጢቱን ጨበጥ አድርጉት፣ እርጥበት ከሌለው መልሱት። ኦምሪ (OMRI) የሚል ምልክት ካለበት ለኦርጋኒክ እርሻ የተፈቀደ ነው ማለት ነው፤ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም።

ከዓሣ የሚሠራው ፈሳሽ፣ 5-1-1 የሚለው፣ ለጎመን ግሩም ነው። በውሃ አቅጥናችሁ ስጡት፣ በሳምንቱ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። ግን ውጭ! እኔ ሳሎን ላለችው ሞንስቴራ ለምትባል ተክል ሰጥቼ በማግስቱ ለቡና እንግዳ መጣ። ዕጣን ተጨሰ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ዓሣው አልሸነፍ አለ። አንዷ እንግዳ በጆሮዬ «ፍሪጃችሁ ተበላሽቷል እንዴ?» አለችኝ። ለቤት ውስጥ ተክል የትሉን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከላይ ማልበስ ይበቃል፣ በዓመት ሁለቴ። አፈሩን ሁልጊዜ ርጥብ ካደረጋችሁት ግን እነዚያ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይፈለፈላሉ፣ ስለዚህ ላዩ እስኪደርቅ ጠብቁ።

የቡና አተላን በተመለከተ፣ እኛ ቤት መቼም አይጠፋም፣ ግን የተክሉ ማሰሮ ላይ ወፈር አድርጋችሁ አትድፉት። ይሻግታል፣ ሲደርቅ ደግሞ ውሃ አላሳልፍ ይላል። ከቅጠላ ቅጠሉ ጋር ኮምፖስት ውስጥ ይግባ። የአጥንት ዱቄትም እዚህ ብሩን መጣል ነው፤ አሲድ የሌለው አፈር ውስጥ ፎስፈረሱ አይሟሟም።

የሎሚው ነገር ሌላ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ደም ሥር ግን አረንጓዴ መስመር ሆኖ ከቀረ የጎደለው ብረት ነው፤ አፈሩ ውስጥ አለ፣ አፈሩ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ተክሉ ሊወስደው አይችልም። የትሉም አላዳነውም። ያዳነው ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚል የተጻፈበት የብረት ዱቄት ነው፣ ተፈጥሯዊ አይደለም፣ ምን ይደረግ። ጤና አዳም በበኩሉ ምንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም ስቀልበው ልፍስፍስ ይላል።

በበጋው ሙቀት ለየትኛውም ተክል ማዳበሪያ አትስጡ። ጁላይ 7 ቀን 2024 እዚህ 49 ዲግሪ ገባ፤ በዚያ ሙቀት ተክሉ ጥላና ውሃ እንጂ ምግብ አይፈልግም። እኔ አሁን ከእንቁጣጣሽ በኋላ ጎመን ስተክል ሁለት ከረጢት የትል እገዛለሁ። የተረፈው ፍግ ጋራዥ ውስጥ አለ፣ የፈለገ መጥቶ ይውሰደው።